ልብን መንገድ ላይ የተከተሉት ሰው

የአኖን ገበያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከባኮ አለፍ ብሎ ወደ ሲሬና ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር፣ በገበያ ቀን ሰውና ከብት፣ አህያና ባጃጅ ይተራመሳሉ። እንበልና አንዲት የአርባ ዓመት እናት በቆሎዋን ተሸክማ እየመጣች ነው። ድንገት ልቧ ትር ትር ይልባታል፣ ዓይኗ ይጨልማል፣ ትወድቃለች። ሰው ይከባታል፤ አንዱ ውሃ ይረጫል፣ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸታታል። ከአፍታ በኋላ ቀና ብላ ትቀመጣለች፤ ምን እንደሆነች እንኳ አታውቅም። በማግስቱ ነቀምቴ ሄዳ ትመረመራለች። ደረቷ፣ እጇና እግሯ ላይ ገመድ ተያይዞ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይደረግላታል፤ ኢሲጂ የሚባለው ማለት ነው። ደህና ነሽ ትባላለች፤ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በሦስተኛው ሳምንት ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንደገና ትወድቃለች።

ይህችን እናት ለምሳሌ ያህል አመጣናት እንጂ በስም የምናውቃት ሰው አይደለችም። የገጠማት ነገር ግን ብዙ ሰው የሚገጥመው ነው። ሐኪሙ አላጠፋም፤ መሣሪያውም አልዋሸም። ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። ልባችሁ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በቀን ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይመታል። የተለመደው ኢሲጂ በወረቀት የሚያወጣው ግን የ10 ሰከንድ ያህል ምት ነው፤ አሥራ ሁለት ምት ቢሆን ነው። ከቀኑ ውስጥ 10 ሰከንድ መርጦ ልብን ማየት፣ በዓመት አንድ ሰዓት ብቻ ዘበኛ አቁሞ ሌባ እይዛለሁ እንደማለት ነው። ሌባው በዚያች ሰዓት ካልመጣ ዘበኛው ሰላም ነው ብሎ ይመለሳል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናወጋችሁ ዘበኛውን ቀንና ሌሊት ያቆሙትን ሰው ሕይወት ነው። ኖርማን ጄፈሪስ ሆልተር ይባላሉ፤ የሚያውቋቸው ጄፍ ይሏቸው ነበር። ስማቸውን ሰምታችሁት ግን የሰው ስም መሆኑን ሳታውቁ ቀርታችሁ ይሆናል። የልብ ሐኪም ሆልተር ያስፈልግሃል ወይም ሆልተር ይታሰርልሽ ሲል የሚጠራው የእሳቸውን ስም ነው። ሐኪም ግን አልነበሩም፤ የፊዚክስ ሰው ናቸው።

ሆልተር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1914 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ሄለና በምትባል ከተማ ነው። ሄለና ተራራ የከበባት፣ ወርቅ ፍለጋ የመጡ ሰዎች በ1864 የቆረቆሯት ትንሽ ከተማ ናት። ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎችና ከታላላቆቹ ሆስፒታሎች በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ትርቃለች። አያታቸው አንቶን ሆልተር ከኖርዌይ ተሰደው የመጡ ናቸው። ወርቅ ከመቆፈር ይልቅ ለቆፋሪዎቹ እንጨት መሰንጠቅ ይሻላል ብለው የመሰንጠቂያ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በኋላም ቤተሰቡ በብረታ ብረትና በመሣሪያ ንግድ በለጸገ። ልጁ ጄፍ እንግዲህ ያደጉት ምስማር፣ ሽቦ፣ ቁልፍና ማሽን በሞላበት ቤት ነው። ይህ በኋላ ሕይወታቸው ላይ ያደረገው አስተዋጽኦ ከትምህርት ቤቱ ያነሰ አይመስለንም።

በሎስ አንጀለስ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተማሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተቀጠሩ፤ ሥራቸው የባሕር ማዕበልን ጠባይ ማጥናት ነበር፤ ወታደር ከመርከብ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርድ ማዕበሉ ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልግ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1946 በፓስፊክ ውቅያኖስ ቢኪኒ በተባለው ደሴት በተደረገው የአቶም ቦምብ ሙከራ፣ ፍንዳታው ያስነሳውን ማዕበል የሚለካውን የምርምር ቡድን መርተዋል።

ማዕበል ከልብ ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማዕበል የሚለካ ሰው የሚማረው ዋናው ጥበብ፣ ሊቀርበው የማይችለውን ነገር ከሩቅ መለካትና ጠቃሚውን ምልክት ከጫጫታው መለየት ነው። ልብም እንደዚያው ነች። ቆዳ ላይ የሚደርሰው የልብ ኤሌክትሪክ አንድ ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ የአንድ ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አንድ ሺህ አምስት መቶኛ። ሰውየው ክንዱን ባነሳ ቁጥር ጡንቻው የራሱን ኤሌክትሪክ ይጨምርበታል። በእነዚያ ዓመታት ስለዚህ ታማሚው ጋደም ብሎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ ይደረግ ነበር።

ወደ ኋላ ትንሽ እንመለስ። ኢሲጂን ለሕክምና ያበቁት የኔዘርላንድሱ ሐኪም ቪለም አይንትሆቨን ናቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በላይደን ከተማ የሠሩት መሣሪያ 270 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ እሱን ለማሠራት አምስት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ታማሚው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን ጨው ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ማሽኑን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ስለማይቻል የታማሚውን የልብ ምልክት በስልክ ሽቦ 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ቤተ ሙከራ አስተላለፉ። አይንትሆቨን በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ከእሳቸው በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል የሐኪሙ ጥያቄ አልተለወጠም፤ ይህ ሰው ተኝቶ ሳለ ልቡ እንዴት ናት የሚል ነበር። ሰው ደግሞ የሚወድቀው ተኝቶ ሳለ ብቻ አይደለም።

ሆልተር ከጦርነቱ በኋላ ትልቅ ከተማ ውስጥ ሥራ መፈለግ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በ1947 የራሳቸውን የምርምር ተቋም አቋቋሙ። በመጀመሪያ ያንቀሳቀሰው የቤተሰቡ ገንዘብ ነው፤ የመንግሥት የጤና ምርምር ድጋፍ የመጣው ቆይቶ ነው። ለየት የሚያደርጋቸው አንድ እምነት ነበራቸው፤ ተመራማሪ ሁልጊዜ ከፊቱ የተቀመጠለትን ግብ ብቻ ማሳደድ የለበትም፣ የማወቅ ጉጉቱ ወዴት እንደሚወስደው ሊከተል ይገባል ይሉ ነበር። በዚህ ብዙ ሰው አይስማማም። የእሳቸው ሕይወት ግን ጥሩ ማስረጃ ነው። ሥራውን የጀመሩት የልብ ሕመምን ለመፈወስ ብለው ሳይሆን፣ ጄንገሬሊ ከተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ጋር ሆነው የእንቁራሪት ነርቭን ሳይነኩ ከርቀት መቀስቀስ ይቻል እንደሆነ በመጠየቅ ነበር። ከዚያ ጥያቄው ተገለበጠ፤ ከሰውነት የሚወጣውንስ ምልክት ሰውየውን ከማሽን ጋር ሳያስሩ መቀበል ይቻል ይሆን?

በመጀመሪያ የአንጎልን ኤሌክትሪክ በሬዲዮ ለማስተላለፍ ሞከሩ። የልብ ምልክት ከአንጎል በብዙ እጥፍ ስለሚበረታ ፊታቸውን ወደ ልብ አዞሩ። ማስተላለፊያውንም ራሳቸው ጀርባቸው ላይ ተሸክመው በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ እየጋለቡ ሞከሩት። ሲንቀሳቀሱ ልባቸው የምትሠራው በሬዲዮ ሞገድ እየተላለፈ ሌላ ቦታ ተመዘገበ።

ሸክሙ 38 ኪሎ ነበር። ይህን ቁጥር በደንብ እንድታዩት እንፈልጋለን። ውሃ የተሞሉ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች በጀርባ አዝሎ ብስክሌት መንዳት ማለት ነው። ታማሚ ሊሸከመው ቀርቶ ጤነኛም አይቆይበትም። ክብደቱ ከየት መጣ? የዚያ ዘመን ሬዲዮ የሚሠራው በመስታወት ቱቦዎች ነበር፤ ቱቦው ሥራ ለመጀመር ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ አምፖል መጋል አለበት። የልብ ምልክት አንድ ሚሊቮልት ሆኖ ሳለ እሱን ለመስማት የተቀመጠው መሣሪያ ራሱን ለማሞቅ ብቻ ባትሪ ይጨርሳል፤ ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ብዙ ባትሪ፣ ብዙ ባትሪ ስላለ ብዙ ኪሎ። ዛሬም በሰውነት ላይ የሚለበስ የጤና መሣሪያ የሚሠሩ መሐንዲሶች ከሁሉ በፊት የሚጨነቁት በዚሁ ነገር ነው። ከባትሪ የተሰረቀ እያንዳንዱ ጠብታ በታማሚው ጀርባ ላይ ይወርዳል።

መፍትሔው ከሌላ ቦታ መጣ። በዚያው በ1947 መጨረሻ፣ በቤል ቤተ ሙከራ ትራንዚስተር ተፈጠረ፤ መጋል የማያስፈልገው፣ ከባቄላ የማይበልጥ። በ1950ዎቹ እየረከሰ ሲመጣ ሆልተርና ዊልፎርድ ግላስኮክ የተባሉት ባልደረባቸው ቱቦዎቹን እየነቀሉ ትራንዚስተር ተኩባቸው። ሸክሙ ከ38 ኪሎ ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ወረደ፤ ኪስ ውስጥና ቀበቶ ላይ ወደሚያዝ መጠን እስኪደርስም ማነሱን ቀጠለ።

ቀጥሎ የወሰዱት እርምጃ በእኛ አስተያየት ከሁሉም ይበልጣል። ሬዲዮውን ተዉት። የሕይወታቸውን ስንት ዓመት የሰጡበትን ነገር ማለት ነው። ሬዲዮ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ታማሚው ከተቀባዩ ከራቀ፣ ከግድግዳ ጀርባ ከሄደ፣ ምልክቱ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ልክ የሚፈለገው ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል። ማሰራጨት ደግሞ ኃይል ይበላል። ስለዚህ ታማሚው በቀጭን ቴፕ ላይ የሚቀዳ ትንሽ መቅረጫ ራሱ እንዲይዝ አደረጉ። ሰውየው ሥራው ይውላል፣ ይበላል፣ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ይተኛል፤ ቴፑ ሁሉን ይይዛል። በማግስቱ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። የ24 ሰዓት የልብ ምት ማን ተቀምጦ ያያል? ከ100 ሺህ በላይ ምት በወረቀት ቢታተም መጋዘን ይሞላል። ሆልተርና ባልደረባቸው ቴፑን በ60 እጥፍ ፍጥነት የሚያጫውት መሣሪያ ሠሩ፤ የ24 ሰዓቱ ቅጂ በ24 ደቂቃ ያልቃል። እያንዳንዱ ምት በቀደመው ላይ እየተደረበ በስክሪን ላይ ይታያል፤ ልብ በሥርዓት ስትመታ ምስሉ እንደቆመ ሥዕል ነው፤ አንዲት የተዛባች ምት ስትመጣ ከመስመር ወጥታ ብልጭ ትላለች። ከዚህም ጋር ድምፅ አለ፤ ምቱ ሲለወጥ ድምፁ ይለወጣል። ተመልካቹ ዓይኑ ቢደክም ጆሮው ይይዘዋል። ኮምፒዩተር በየጠረጴዛው ባልነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ብልሃት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራቸውን ሳይንስ በተባለው ታዋቂ መጽሔት አሳተሙ። በማግስቱ ዓመት ዴል ማር የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ መሣሪያውን ለገበያ ለማምረት ከእሳቸው ጋር ተስማማ። የፈጠራ መብቱ በሆልተርና በግላስኮክ ስም የተመዘገበው በ1965 ነው። ሆልተር ከ1964 ጀምሮ በሳን ዲዬጎ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ሠርተዋል፤ ከዚያ በፊትም የአሜሪካን የኑክሌር ሕክምና ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። በጁላይ 1983፣ በ69 ዓመታቸው፣ በተወለዱባት በሄለና አረፉ።

የሕይወት ታሪካቸው ይኸው ነው። ለአኖዋ እናት የሚጠቅማት ግን ከሞታቸው በኋላ የሆነው ነው፤ እሱን እንይ።

ቴፑ ዛሬ የለም። በምትኩ የጥፍር መጠን ያላት የማስታወሻ ቋት አለች። መሣሪያው ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፤ አንዳንዱ እንደ ፕላስተር ደረት ላይ ተለጥፎ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ይቆያል። ሆልተር የተዉት ሬዲዮም ተመልሶ መጥቷል፤ ከ2010 ወዲህ በተስፋፋው አነስተኛ ኃይል በሚጠቀም ብሉቱዝ አማካይነት ደረት ላይ ያለው ሴንሰር ከስልክ ጋር ይነጋገራል፤ ስልኩ በኔትወርክ ወደ ሐኪም ሊያደርስ ይችላል።

ይህ እንዴት ተቻለ? ሬዲዮው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚተኛ ነው። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ጠፍጣፋ ባትሪ ታውቋታላችሁ። 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ትይዛለች። ሴንሰሩ ያለማቋረጥ 5 ሚሊአምፔር ቢወስድ በ44 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ቀን ሳይሞላ ያልቃል። ይህንኑ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ እያስተኛችሁ፣ ለቅጽበት እየቀሰቀሳችሁ፣ ፍጆታውን በአማካይ ወደ 0.05 ሚሊአምፔር ብታወርዱት ግን ባትሪዋ ስድስት ወር ትቆያለች። ስለዚህ ጎበዝ ንድፍ አውጪ ሴንሰሩን ብዙ እንዳያወራ አድርጎ ይሠራዋል፤ ምቱን እዚያው ደረት ላይ ይቆጥረዋል፣ ደህናውን ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል፣ የተዛባውን ብቻ ይልካል። ሰውነታችን ደግሞ አብዛኛው ውሃ በመሆኑ የሬዲዮ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ታማሚው ሴንሰሩ ላይ ተኝቶ ከሆነ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው የያዘውን አስቀምጦ ግንኙነቱ ሲመለስ ይልካል። የሆልተር ቴፕ በሌላ መልክ መምጣቱ ነው።

ይህ ጉዳይ ከሄለናም ከሳን ዲዬጎም ይልቅ በአኖ ያስፈልጋል ብንል ማጋነን አይሆንም። በየማታው ቻርጅ ካልተደረገ የማይሠራ መሣሪያ፣ መብራት በማይጠፋበት ቤት ለሚኖር ሰው የተሠራ ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ስልክ በፀሐይ ኃይል በሚሞላበት ቀበሌ፣ ኔትወርኩም ኮረብታ ላይ ሲወጡ በሚገኝበት ቦታ፣ ስድስት ወር የምትቆይ ባትሪና ሲቋረጥ የማይረሳ ማስታወሻ ቅንጦት አይደሉም።

አሁን ወደ እናንተ። በየሱቁ የሚሸጡትን የእጅ ሰዓቶችና የእጅ አምባሮች በተመለከተ ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ። አብዛኞቹ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላኩ የደም ፍሰቱን በማየት ምት ይቆጥራሉ፤ ኤሌክትሪኩን አያዩም። ጥቂቶቹ ጣት ሲነካቸው ባለ አንድ መስመር ኢሲጂ ያነሳሉ። ከዚህ የሚገኘው ፍንጭ ሐኪም ጋር ለመሄድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ደህና ነህ ስላለ ግን ከምርመራ መቅረት አይገባም፤ የልብ ድካም ወይም የልብ ደም ሥር መዘጋት መኖሩን ሰዓት አያረጋግጥም። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያነብ በጥናት ታይቷል፤ ታማሚው እያቃሰተና እያለከለከ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆን ታማሚውን እመኑ።

ሐኪም ሆልተር የሚያዘው መቼ ነው? ልብ ያለ ምክንያት ትር ትር ሲል፣ ሰው ራሱን ሲስት፣ ስትሮክ የመታው ሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር፣ የልብ ምት የሚዛባ መሆኑ ተጠርጥሮ በተለመደው ኢሲጂ ሳይያዝ ሲቀር ነው። በአገራችን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ የልብ በሮችን የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ ሕመም ዛሬም ብዙ ወጣቶችን ይይዛል። በሩ የተጎዳ ልብ የላይኛው ክፍሏ እየሰፋ ይሄድና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የምት መዛባት ይከሰታል፤ ያኔ ደም እዚያው ይረጋል፣ የረጋው ደም ተነስቶ ወደ አንጎል ቢሄድ ስትሮክ ያስከትላል። ይህ የምት መዛባት አንዳንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ነው፤ በ10 ሰከንዱ ላይ ካልተገኘ አይታይም። ከተገኘ ግን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለው።

አንድ ሰው ፊታችሁ ቢወድቅ ክብሪቱን ተዉት። በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ሰዉን ገለል አድርጉ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታ እያስጠራችሁ በደረቱ መሐል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቃችሁ ተጫኑ። የነቃ ከሆነ ደግሞ ያያችሁትን አስታውሱለት፤ ቢቻል በስልክ ቅረጹለት። ከመውደቁ በፊት ገረጣ? ተንቀጠቀጠ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ሲነቃ ወዲያው አወቀ ወይስ ግራ ተጋባ? በልብ ምክንያት የወደቀ ሰው ትንሽ ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ለዓመታት ያለ ቦታው መድኃኒት ሊወስድ ይችላል። እየሮጠ ወይም እየተሸከመ ሳለ የወደቀ፣ ከመውደቁ በፊት ደረቱን ያመመው፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለው፣ ቀጠሮ አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።

መሣሪያ በሌለበትም የምታደርጉት ነገር አለ። ሁለት ጣታችሁን በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ አሳርፉና ምቱን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ዐርፎ ለተቀመጠ አዋቂ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው። ከቁጥሩ በላይ ግን ሥርዓቱን አዳምጡ፤ አንዱ ፈጠን፣ አንዱ ዘግየት፣ አንዱ ዘለል እያለ ምንም ሥርዓት የሌለው ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለጤና ጣቢያው ንገሩ።

ሆልተር ከታዘዘላችሁ መሣሪያው የት እንደሚገኝ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ነቀምቴ ድረስም ሆነ አዲስ አበባ ድረስ ስትሄዱ መሣሪያውን ለመመለስ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማደር እንዳለ አስባችሁ ውጡ። ከመታሰሩ በፊት ገላችሁን ታጠቡ፤ ከታሰረ በኋላ መታጠብ የለም። ደረታችሁን ቅባትም ቅቤም አትቀቡ፤ የሚለጠፈው ነገር አይይዝም። ዛሬ ችግሩ ከባትሪው ይልቅ ቆዳው ላይ ነው፤ ላብ ሲያላቅቀውና ሽቦው ሲንቀሳቀስ የሚፈጠረው ምልክት ከሕመም ጋር ሊምታታ ይችላል። ቢላቀቅ በራሳችሁ ሌላ ቦታ አትለጥፉት፤ እዚያው መልሳችሁ ተጭናችሁ ያዙትና ለባለሙያው ደውሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ይህ አይደለም። መሣሪያው ታስሮለት ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ልቡን ላለማስቸገር ብሎ። ይህ ሆልተርን ወደ አይንትሆቨን ዘመን መመለስ ነው። ደረጃ የምትወጡ ከሆነ ውጡ፣ የምትሸከሙት ካለ ተሸከሙ፣ ቡናችሁንም ጠጡ። መድኃኒታችሁን ሐኪሙ አቁሙ ካላላችሁ አታቁሙ።

አብሮ የሚሰጣችሁ የማስታወሻ ወረቀት አለ። ልብ ትር ሲል፣ ራስ ሲዞር፣ መድኃኒት ስትወስዱ፣ ስትናደዱ ጭምር፣ ሰዓቱን ትጽፉበታላችሁ። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ልጁ ይጻፍለት። አንድ ጥንቃቄ፤ የመሣሪያው ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። እናንተ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብላችሁ የምትጽፉት በመሣሪያው 9 ሰዓት ነው። ሦስት ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ፣ ሐኪሙ የሚፈልገው እናንተ ተኝታችሁ የነበራችሁበትን ሌሊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያውን ከሚያስርላችሁ ባለሙያ ጋር በአንዱ አቆጣጠር ተስማሙና ከሰዓቱ ጎን ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ የሚለውን ቃል ጨምሩበት።